ከፎርማት በፊት ቴሌግራሙ

ደብዳቤዋን ላሳጥረው። ጸሐፊዋ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ሳምንት ከራሷ ቴሌግራም ለደንበኞች «የባንክ ሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አስገቡ» የሚል መልእክት ሄደ። እሷ አልላከችም። ሁለት ደንበኞች ደውለው ጠየቁ፤ ሦስተኛው ሳይጠይቅ ገንዘቡን አስገባ። «ለማንም ኮድ አልሰጠሁም፣ ስልኬም ከእጄ አልወጣም። ቴክኒሻኑ ፎርማት ይደረግ ይላል፣ አለቃዬ ደግሞ ጥሩ አንቲቫይረስ ይገዛ ይላሉ። የቱ ይሻላል?» ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱም ትንሽ ይቆዩ። መጀመሪያ ያ ደንበኛ የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ዛሬውኑ ወደ ባንኩ ይሂድ፤ ገንዘቡ ከዚያ ሂሳብ ሳይወጣ ከተደረሰበት ተስፋ አለ። እርስዎም መልእክቱን ከማጥፋትዎ በፊት ስክሪንሾት ያንሱት፤ ለፖሊስ ቃል ሲሰጡ ያስፈልግዎታል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ፎርማት የሚያጸዳው ዲስኩን ነው፤ ከዲስኩ ተገልብጦ የሄደውን አይመልስም። ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱ በየቀኑ ኮድ አይጠይቅዎትም አይደል? አንዴ የገቡበትን ፈቃድ «ቲዳታ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ነው። ኮምፒውተርዎ ውስጥ ሳያውቁት የገባ ሰላይ ፕሮግራም ይህን ፎልደር ገልብጦ ለጌታው ይልካል፤ ጌታው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲለጥፈው የእርስዎ ቴሌግራም ያለ ኮድ ቁልጭ ብሎ ይከፈትለታል። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቢኖርዎትም አያግደውም፤ ቴሌግራም እንደ አዲስ ገቢ አይቆጥረውማ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በስልኩ ሴቲንግ ገብቶ «ዲቫይስስ» የሚለውን ያያል፣ የራሱ ኮምፒውተር ብቻ ተዘርዝሮ ያገኛል፣ «ማንም የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሌባው ግን የገባው በዚያው በእርስዎ ኮምፒውተር ፈቃድ ስለሆነ ለብቻው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ምርጫ አይግቡ፤ ከስልክዎ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ይጫኑና ሁሉንም ያስወጡ። ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ እንደገና ሲገቡ «ሎካል ፓስኮድ» ያድርጉበት። ከዚያ ወዲህ ፎልደሩ ቢገለበጥም ያለ ፓስኮዱ አይከፈትም።

ቀጥሎ ኢሜይሉ። ክሮም ላይ «ፓስወርዱ ሴቭ ይደረግ?» ሲልዎት እሺ ያሉበት ሁሉ አብሮ እንደሄደ ይቁጠሩት። ፓስወርዶቹን ከስልክዎ ይቀይሩ፤ በታመመው ኮምፒውተር ላይ ከቀየሩ አዲሱንም ያስረክባሉ። ጂሜይል ውስጥ ግን ፓስወርድ መቀየር ብቻ አይበቃም። በንጹሕ ኮምፒውተር ከፍተው «ፊልተርስ» እና «ፎርዋርዲንግ» የሚሉትን ይመልከቱ። እርስዎ የማያውቁት አድራሻ እዚያ ከተቀመጠ፣ ከውጭ አቅራቢዎች የሚመጣ እያንዳንዱ ኢንቮይስ ቅጂው ለሌባው እየደረሰ ነው። ሌላ ቀን የውሸት ኢንቮይስ ሲልክልዎት አርማውም ዋጋውም ልክ ይሆናል፤ የተለየው የባንክ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ሰላዩ በየት ገባ? ባላየውም ግምቴን ልናገር። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን ይክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ወደ ሴቲንጉ ይግቡ፣ ወደ ታች ወርደው «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይጫኑ። ይህ አንቲቫይረሱ እንዳይነካቸው የተባሉ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ ባዶ መሆን ነበረበት። እኔ ጋ ከሚመጡት ማሽኖች በስንቱ ላይ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፎ አግኝቻለሁ! ዊንዶውሱን ወይም የሂሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ሰብሮ፣ የጫነው ልጅ የሰበረበት አክቲቬተር እንዳይያዝበት ዘበኛውን «አንተ ዓይንህን ጨፍን» ብሎት ሄዷል። (ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ሂሳብ ክፍል ግን እስከ ዛሬ ፒችትሪ ነው።) እንዲህ በሆነበት ኮምፒውተር ላይ አለቃዎ የፈለገውን ያህል ውድ አንቲቫይረስ ቢገዙ የሚቀጥለው ክራክ ሲጫን እሱም ይጠፋል። ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣው ዲፌንደር ካልታሰረ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል፤ ሁለት አንቲቫይረስ ደርቦ መጫንም ማሽኑን ከማንቀራፈፍ በቀር ትርፍ የለውም።

እዚያው ሳሉ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ተጭኖ እንደሆነ ይዩ። ቴክኒሻን ከርቀት ለመርዳት ጭኖ ቋሚ ፓስወርድ ሰጥቶት ረስቶት ይሄዳል።

አሁን ፎርማት ይደረግ፤ ቴክኒሻንዎ እዚህ ላይ ልክ ነው። ባክአፕ የሚደረገው የኤክሴልና የፒዲኤፍ ፋይሎች እንዲሁም ፒችትሪው ራሱ የሚያወጣው የባክአፕ ፋይል ብቻ ነው። የፕሮግራም መጫኛ የያዘው «ሶፍትዌር» የሚባለው ፎልደር አብሮ እንዳይመለስ፤ በሽታው ያለው እዚያ ነው። ደግሞ ሲጫን አጠገቡ ይቁሙ። ላፕቶፑ ኤችፒ ወይም ዴል ከሆነና ሲገዛ ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ይዞ ከመጣ፣ ላይሰንሱ አብዛኛውን ጊዜ እናት ቦርዱ ላይ ተቀምጧል፤ ያንኑ ዓይነት፣ ለምሳሌ «ሆም»ን፣ ሲጭኑት ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል። ልጆቹ ግን በልማድ «ፕሮ» ይጭኑና በክራክ ያስነሡታል። የተከፈለበትን ጥሎ የሌባ መጠቀም አይገባኝም። ላይሰንስ ከሌለው ይገዛ። እስኪገዛ ድረስ በስክሪኑ ጥግ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚለው ጽሑፍ ዓይን ቢያስቸግርም ዲፌንደሩም አፕዴቱም ይሠራሉ። ማሽኑ የሚችል ከሆነ ዊንዶውስ 11 ይሁን፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ከዚያ በኋላ ለዕለት ሥራ አድሚን ያልሆነ ዩዘር ይከፈትልዎት። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ገብተው «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ን ያብሩት፤ ያኔ የፒዲኤፍ ምልክት ለጥፎ የመጣ «ኢንቮይስ» ጫፉ ላይ ፒዲኤፍ ሳይሆን «ኢኤክስኢ»፣ ማለትም ፕሮግራም፣ እንደሆነ ይታይዎታል። ሰሞኑን የማየው ሌላም አለ፦ አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይልና የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር፣ ቀጥሎ ኮንትሮልን ከቪ ጋር፣ ከዚያ ኢንተር እንዲጫኑ ያዝዛል። ሰላዩን በገዛ እጅዎ እያስጫነዎት ነው። እውነተኛ ማረጋገጫ ከብሮውዘሩ ወጥቶ ቁልፍ አያስጫንም። ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት ይደረግ የሚልዎትም እንዲሁ ውሸታም ነው፤ አዶቢ ፍላሽን በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ዘግቶታል።

ደንበኞችን በተመለከተ ዛሬ በቴሌግራም ሳይሆን በድምፅ ይደውሉላቸው። «የሂሳብ ቁጥራችን ቢቀየር አለቃዬ ራሳቸው ይደውሉላችኋል፤ በጽሑፍ ብቻ ከመጣ አታስገቡ» ይበሏቸው። እርስዎም አቅራቢዎ ቁጥር ቀየርኩ ሲል የሚደውሉት በአዲሱ ኢሜይል ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ድሮ በደብተርዎ በያዙት ነው።

የ«ኤክስክሉዥንስ» ዝርዝሩ ውስጥ ያገኙትን ከፎርማቱ በፊት በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ግምቴ ልክ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።