የንጉሥ ሚካኤል ስምና ጋብቻ

ወንድሜ፣ «ኢማም መሐመድ አሊና የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አንድ ሰው ናቸው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ አንድ ናቸው። ኢማሙ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ። የክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። የፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ሻንቆ። የመኳንንት ወግ ነው፤ ምኒልክም አባ ዳኘው ነበሩ።

ዋናው ነገር ግን ጋብቻው ነው። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፤ ልጅ ኢያሱ ተወለዱ። እዚህ ደሴ ትምህርት ቤት የተሰየመላቸውን ወይዘሮ ስኂንን ታውቃለህ አይደል? የንጉሡ ልጅ ናቸው። የስኂን ልጅ መነን ደግሞ ተፈሪን፣ የኋላውን አፄ ኃይለ ሥላሴን አገቡ። የእኛ ወሎ በሁለት በኩል ከዙፋኑ ጋር ተዛመደ ማለት ነው። አይጠየፍን ካላየህ ሂድና እይ፤ የንጉሡ ግብር ቤት ነው።