«ቆይ» የምትል ቃል

ልጆቼ፣

ሙያዬ ፍተሻ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ማሽን ሥር ተጎንብሼ፣ ቅጽ ላይ ምልክት ሳደርግ ነው። ከእናንተ መካከል ነገ ኑክሌር ማመንጫ የሚቀጠር ይኖራል፤ ቢሮ ተቀምጦ በጀት የሚፈርምም ይኖራል። ለሁለታችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሰው ኩባንያዎች ዓይናቸውን በጨው አጥበው የሚዋሹ ይመስለዋል። አንዳንዴ እውነት ነው። የጃፓኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ቴፕኮ የፍተሻ መዝገብ ሲያጭበረብር መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ታወቀና ትልልቆቹ አለቆች ሥልጣን ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት 17ቱም የኑክሌር ሪአክተሮቹ ቆሙ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን «ቆይ» ነው። ቆይ እናጥናው። ቆይ በጀቱ ይምጣ። እንደ ውሸት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ብልህነት ይመስላል።

ይኸው ቴፕኮ በ2008 ፉኩሺማ ዳይቺ የተባለውን ኑክሌር ጣቢያውን እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመታው እንደሚችል አስልቶ ነበር። ጣቢያው የተዘጋጀው ግን ለ5.7 ሜትር ነው። አለቆቹ «ይጠና» አሉ። ስሌቱ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የደረሰው ማርች 7 ቀን 2011 ነው። ማዕበሉ የመጣው ማርች 11። አራት ቀን! ምድር ቤት የነበሩትን የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ውሃ ዋጣቸው። ማቀዝቀዣው ቆሞ የሦስት ሪአክተሮች እምብርት ቀለጠ። የፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን «ሰው ሠራሽ አደጋ» ብሎ ጻፈ።

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በዴቪስ ቤሲ ኑክሌር ጣቢያ ደግሞ አደጋው ሳይደርስ ተርፏል። የሚፈስ ቦሪክ አሲድ የሪአክተሩን ክዳን ቀስ በቀስ ይበላ ነበር። ምልክቱ እኮ ዓይን ያወጣ ነው፤ የአየር ማጣሪያዎቹ በዝገት ብናኝ እየተደፈኑ በየጥቂት ቀኑ ይቀየሩ ነበር። ቀያሪው ይቀይራል፣ ይጥላል፣ ይሄዳል። «ይሄ ሁሉ ዝገት ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቆየ። ኩባንያው እስከ 2001 መጨረሻ እንዲደረግ የተፈለገውን ፍተሻ ለጥቂት ሳምንታት አስገፋው። በ2002 ሲፈተሽ ውፍረቱ ከ16 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ብረት ተበልቶ፣ ግፊቱን የያዘው ከአንድ ሴንቲ ሜትር የሳሳ ሽፋን ብቻ ነበር። ኋላ ላይ 28 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። ፍተሻው ስንት ይፈጅ ነበር? እናንተው አስቡት።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቦታ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ቼክሊስት ላይ «ይነሳል» ብዬ ፈረምኩ። ያለፈው ሳምንት ተነስቷል፣ ዛሬ ምን ይሆናል ብዬ ነው። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ቴክኒሽያን ወረቀቱን አዩና «ድምፁን ሰምተኸዋል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ይዘውኝ ወረዱ፤ ቁልፉን አስጫኑኝ። ባትሪው ሞቶ ነበር። አልተቆጡኝም። ወረቀቱን ቀደው ባዶ ቅጽ ሰጡኝ። እስከ ዛሬ ጄኔሬተር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ድልድይ ቢሰነጠቅ መንገደኛው ያየዋል። ጨረር ግን አይታይም፣ አይሸትም። ጣቢያው አጠገብ የሚኖር ሰው በእጁ ያለው የእናንተ ቃል ብቻ ነው። በ2012 በደቡብ ኮሪያው ኮሪ 1 ሪአክተር ለ12 ደቂቃ መብራት ጠፋ። ማንም አልተጎዳም። ግን ከአንድ ወር በላይ ተደበቀ። 12 ደቂቃውን ሕዝቡ ይቅር ይል ነበር፤ የተደበቀውን ወር ግን እንዴት ብሎ? ስለዚህ ያያችሁትን ጻፉ፣ መሆን የነበረበትን አይደለም። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣውን ልጅ በር ላይ አታስቁሙት። አንዴ ካስደነገጣችሁት ሁለተኛ አይመጣም።

ኦናጋዋ የተባለውን ሌላ የጃፓን ኑክሌር ጣቢያ ሳልጠቅስ አላበቃም። የ2011ዱን ሱናሚ ላስነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻ ከፉኩሺማ ይልቅ ይቀርባል። ጣቢያው ሲታቀድ ያኖሱኬ ሂራይ የሚባሉ መሐንዲስ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካልተሠራ ብለው ሙጭጭ አሉ። በዝቷል ያላቸው ነበር። እሳቸው ግን በ869 የደረሰውን ሱናሚ ይጠቅሱ ነበር፤ ከሺህ ዓመት በላይ ያለፈውን! በመጨረሻ 14.8 ሜትር ላይ ተሠራ። እሳቸው ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ 13 ሜትር ገደማ ውሃ መጣ። ጣቢያው በሰላም ቆመ። ቤታቸው በውሃው የተወሰደባቸው የአካባቢው ሰዎች፣ ከ300 በላይ ይሆናሉ፣ ለመጠለል የሮጡት ወደዚያው ማመንጫ ነበር። ጂምናዚየሙ ወለል ላይ ተኙ።