ግዳይና ገዳይ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ አንዲት ተማሪ አስቁማኝ «ጋሼ፣ ግዳይ ማለት ገዳይ ማለት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። አይደለም፣ ልጄ። ከፈለ ብለን ከፋይና ክፋይ እንደምንለው ሁሉ፣ ገደለ ብለን ገዳይና ግዳይ እንላለን። ገዳዩ አዳኙ ነው፤ ግዳዩ የወደቀው አውሬ ነው። የቀረውን ሰዋስው መጽሐፍ ገልጣችሁ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ጀማሪ መምህር ሳለሁ አርማጭሆ ሠርግ ተጠርቼ አንድ ሽማግሌ ሲፎክሩ ሰማሁ። በወጣትነታቸው ጎሽ የገደሉ ሰው ናቸው። «ዘራፍ!» ብለው ከተቀመጡበት ሲነሡ ዳሱ ጸጥ አለ። ጎሹ ውኃ ሊጠጣ የወረደበትን ወንዝ በስሙ ጠሩ፤ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠሩ፤ መጀመሪያ ደም ያፈሰሰው ማን እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ጅራቱን ይዘው ተመልሰው ግዳያቸውን በማን ፊት እንደጣሉ ሊናገሩ ሲሉ «ሙሽሮች ገቡ!» ተባለና እልልታው ዋጣቸው። በማግስቱ ቤታቸው ብሄድ ከብቶቻቸውን ተከትለው ቆላ ወርደዋል። በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ። ግዳይ መጣል የሚለው አነጋገር ሥርዓቱ እንዴት እንደነበር ካየ ሰው አንደበት ልሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። እናንተ ድምፅ መቅጃ በኪሳችሁ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፤ የምትቀዱት ግን ራሳችሁን ነው። አርማጭሆም ቋራም ገና አዛውንት አሉ፤ ሂዱና ጠይቁ።

ብዙ ወጣት ፉከራ ባዶ ጩኸት ይመስለዋል። አብረው ያደኑት ተቀምጠው እየሰሙ ያልገደለ ሰው ገደልሁ ሊል አይችልም ነበር። ለዚህ ነው «የመኪና ግዳይ ሆኑ» የሚል ዜና ሳነብ የሚከፋኝ፤ ግዳይ «የእኔ ነው» ብሎ የሚቆምለት ባለቤትና ያየ ምስክር አለው። እርግጥ አንበሳ የጣላትን ሚዳቋም ግዳይ እንላለን፣ እዚያ ምስክር የለም። ቢሆንም በአደጋ ለሞተ ሰው ቃሉን አልወድለትም። አጥቂው ግብ ሲያገባ «ግዳይ ጣለ» የሚለውን የስፖርት ጋዜጠኛ ግን ተቀብዬዋለሁ፤ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ አይቷልና።

በዱር አውሬ ላይ ግን ቃሉን ለሙገሳ አትጠቀሙበት። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው በእኛው ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዛሬ ዋልያ የሚገድል ሰው በሕግ ይጠየቃል እንጂ ግዳይ ጣለ አይባልም።