ማዳበሪያ ከመጨመርሽ በፊት ጎንበስ ብለሽ ግርጌውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ትልልቅ አበባ ያወጣ የነበረው ጽጌረዳሽ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ቁመቱ ካንቺ በልጧል፣ ቅጠሉም ለምለም ነው። አበባው ግን እያነሰና እየሳሳ ሄደ። «ማዳበሪያ ልጨምርለት ወይ?» ነው ያልሽው። አይ፣ ቆይ አትጨምሪ። ይህን የምልሽ እኔ ራሴ በዚሁ ነገር ተሞኝቼ ስለማውቅ ነው። ዓመት ሙሉ ማዳበሪያ ስቀልበው የከረምኩት ተክል የገዛሁት ጽጌረዳ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይብሪድ ቲ የሚባሉት ባለ ትልቅ አበባ ጽጌረዳዎች ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ሥር አይቆሙም። ሥሩ ጠንካራ በሆነ ሌላ ጽጌረዳ ላይ ተዳቅለው ነው የሚሸጡት። መጋጠሚያው ግንዱ ግርጌ ላይ አበጥ ብሎ፣ የጣት አንጓ መስሎ ይታያል። ከእብጠቱ በላይ የሚወጣው ያንቺ ነው፣ ከታች የሚወጣው የባለሥሩ። ባለሥሩ ደግሞ ጉልበተኛ ነው፣ ዝም ካሉት ቤቱን ይወርሳል።

የኔው ከጎኑ ቀጥ ያለ ለስላሳ ቀንበጥ አወጣ። ደስ አለኝ፣ «በረታልኝ» አልኩ። ውሃ ጨመርኩ፣ ማዳበሪያ ጨመርኩ። በዓመቱ አበበ። ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ነጫጭ አበቦች፣ ዘለላ ዘለላ ሆነው! የገዛሁት ጥቁር ቀይ ነበር። ተናድጄ በመቀስ ከመሬት እኩል ቆረጥኩት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአንዱ ፋንታ ሦስት ሆኖ ተመለሰ። መቀስ የቀንበጡን መነሻ አይነካውም፣ እዚያ ያሉት ዓይኖች፣ ማለትም አዲስ ቀንበጥ የሚፈነዳባቸው ነጥቦች፣ እንደገና ያጎነቁላሉ።

መፍትሔው መገንጠል ነው። ጓንት አጠለቅኩና አፈሩን በጣቴ ጫርኩ። ቀንበጡን እየተከተልኩ ስወርድ ከሥሩ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ደረስኩ። ወደ ታች ስቤ ስገነጥለው ቋ ብሎ ከነመነሻው ወጣ። በዚያ ቦታ አልተመለሰም። ብዙ ሰው «ሰባት ቅጠል ካለው የዱሩ ነው፣ አምስት ከሆነ የኛ» ይላል። አይታመንም። ጥሩ ዝርያ ሆኖ ሰባት የሚያወጣም አለ። መነሻውን ተከትለሽ እዪ እንጂ ቅጠል አትቁጠሪ። ደግሞ ከእብጠቱ በላይ የሚወጣ ቀይ ለጋ ቅጠል አያስደንግጥሽ። ጤነኛ ነው፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል።

ከእብጠቱ በታች ምንም ካጣሽ ጥፋቱ የመቀሱ ነው። ቁመቱ ካንቺ ከበለጠ በደንብ ተገርዞ አያውቅም ማለት ነው። ይህ ዘር በአንድ ረጅም ዘንግ ጫፍ አንድ ትልቅ አበባ የሚሸከም ነው። የመጀመሪያው ሃይብሪድ ቲ ተብሎ የሚቆጠረው ላ ፍራንስ፣ ጊዮ የሚባል ፈረንሳዊ በ1867 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጀምሮ መልኩ ይኸው ነው። ትልቅ አበባ የሚመጣው ከወፍራምና ከአዲስ ቀንበጥ ነው። ስንጥር ከሚያክል ቀጭን ቅርንጫፍ ትልቅ አበባ አትጠብቂ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የደረቀውን አውጪ። ከዚያ ከእርሳስ የቀጠነውንና ወደ መሐል ገብቶ እርስ በርሱ የሚፋተገውን። ጠንካራ የሆኑትን ከሦስት እስከ አምስት ዘንግ አስቀሪና እስከ ጉልበትሽ ድረስ አሳጥሪያቸው። የምትቆርጪው ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለሽ ነው። የተቆረጠው መሐሉ ነጭ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ነጩ እስኪመጣ ዝቅ በይ። መቀሱ ይሳል፣ ካልተሳለ ዘንጉን ይጨፈልቀዋል። ውርጭ ባለበት አገር ብርዱ አልፎ ዓይኖቹ ማበጥ ሲጀምሩ ነው የሚገረዘው። ውርጭ በሌለበት ደግሞ ተክሉ በራሱ ስለማያርፍ በዓመት አንዴ አንቺው ነሽ በመቀስ የምታሳርፊው። መጀመሪያ ስገርዝ እጄ ተንቀጥቅጧል። ራቁቱን የቀረውን ጉቶ ሳይ ገደልኩት ብዬ ነበር። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ታገሺው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ውስጥ ያብባል።

የጠወለገ አበባም ተክሉ ላይ አይቆይ፣ ጉልበቱን ወደ ፍሬ ያዞረዋል። አበባው የጎላ እንዲሆን ከፈለግሽ ከዋናው እምቡጥ ጎን የሚወጡትን ትንንሾች አተር ሲያክሉ በጥፍርሽ ቀንጥሺ። እኔ ይህን የማደርገው አንዱ ተክል ላይ ብቻ ነው፣ በሌሎቹ ላይ እምቡጥ መቀንጠስ አንጀቴ አይችልም።

ማዳበሪያውን በተመለከተ፣ ቅጠሉ ለምለም ከሆነ ናይትሮጅን አላነሰውም። ቢበዛበት ጭራሽ ቅጠል ብቻ ያወጣልሻል። ከተገረዘ በኋላ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ አንዴ፣ ከዚያ አንድ ዙር አብቦ ሲጨርስ ይበቃዋል። ደረቅ አፈር ላይ ግን እንዳትበትኚ፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። አስቀድመሽ አጠጪ።

ፀሐይም እዪ። በቀን ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ያህል ካላገኘ የነገርኩሽ ሁሉ ከንቱ ነው። ሦስት ዓመት ውስጥ አጠገቡ ያለ ዛፍ አድጎ ጥላ ሊጥልበት ይችላል፣ ማንም ልብ አይለውም።

ውሃ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ጠጥቶ እስኪረካ ይሻላል። ጠዋት፣ ከግርጌው። ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። የታመመ ቅጠል ከወደቀ ልቀሚው፣ ኮምፖስት ውስጥም አትጨምሪው። ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ተባይ ከሆነ የያዘው መድኃኒት ፍለጋ አትሩጪ፣ ኃይል ያለው ውሃ ያራግፈዋል።

አሁን ጓንትሽን አድርጊና አፈሩን ገለጥ አድርጊ። ፎቶ የምታነሺልን ከሆነም ቅጠሉን ተዪው። የግርጌውን እብጠት ነው ማየት የምፈልገው።