ጥያቄና መልስ፦ ጫት፣ ጓደኛና የቤተሰብ ድርሻ

በሐዋሳ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤናና ሱስ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል ለሚከተሉት መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ የ17 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ማጥናት ከጀመረ ወዲህ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል፤ ምግብም ጠልቷል። ከጓደኞቹ ብንለየው ይሻላል?

መልስ፦ እናቴ፣ የገለጹልኝ ሁኔታ የጫት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ድባቴም እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ስለሚያዛባ ሳያስመረምሩት አይፍረዱ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አእምሮን የሚያነቃቃው አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር በሚመሳሰል መንገድ ስለሆነ፣ ምርቃናው ሲያልፍ ድካም፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ተብሎ ወደ መጠጥ ይኬዳል፤ ለማቆም ሲሞከር ደግሞ ሐራራውና የሌሊቱ ዱካክ (አስጨናቂ ቅዠት) መልሰው ወደ በርጫው ይጎትታሉ። ልጁን በአንድ ቀን ከጓደኞቹ ለመለየት ቢሞክሩ መደበቅ ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ ጥናቱ እርስዎ ቤት እንዲሆን ጓደኞቹን ይጥሩ፣ ሳሎኑን ይልቀቁላቸው፤ ቡና ሲያቀርቡላቸው ስማቸውንና የማን ልጆች እንደሆኑ ይጠይቁ። ወላጆቻቸውን ካወቁ፣ አብራችሁ መከታተል ትችላላችሁ።

ጥያቄ (ከአንድ አባት)፦ እኔ ራሴ ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ እቅማለሁ። ልጄን ለመምከር አፍ ይኖረኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ይኖርዎታል። ለመተው እንደሚቸገሩ በግልጽ ቢነግሩት ምክርዎ ይበልጥ ይሰማል። «ሂድና ጫት ገዝተህ ና» ብሎ መላክን ግን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ያለ ግሮሰሪ ለተማሪዎች ቢራ ይሸጣል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል።

ጥያቄ (ከአንድ ተማሪ)፦ የዶርም ጓደኛዬ ብዙ ይጠጣል። ትናንት «መሞት እፈልጋለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ በምስጢር የሚያዝ ጉዳይ አይደለም። ራሱን ለማጥፋት ያስብ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቀው፤ መጠየቅህ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ብቻውን አትተወው፣ ሊጎዳው የሚችለውንም ነገር ከአጠገቡ አርቅ፤ ከሚያምነው ዘመዱ ጋር ሆነህ ዛሬውኑ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ውሰደው። ቤተሰቡ ጸበል ይሻላል ቢል አትከራከር፤ ጸበሉ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ እንደሚችል፣ ሐኪም ዘንድ መድረሱ ግን ለነገ እንደማይባል ንገራቸው።