የመያዣ ትዕዛዝ እያለ በሽርሽር መርከብ መሄድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ከሰባት ዓመት በፊት በሌላ ስቴት በታገደ መንጃ ፈቃድ ስነዳ ተይዤ ፍርድ ቤት እንድቀርብ መጥሪያ ተሰጥቶኝ ነበር። በመሃል ወደ ፍሎሪዳ ስለተዛወርኩ በቀጠሮው ቀን አልቀረብኩም፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስ ውስጥ ናሶ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ኮዙሜል ደርሶ የሚመለስ የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ይዘናል። አንድ ወዳጄ ‹መርከብ እንደ አውሮፕላን አይደለም፣ የሚፈተሸው ሻንጣ ብቻ ነው፤ ያ ነገር ደግሞ እስካሁን አርጅቷል› ይለኛል። ልሄድ?»

መልስ፦ በቀጠሮው ባለመቅረብዎ ዳኛው የመያዣ ትዕዛዝ ሳያወጡብዎ አይቀሩም፤ ትዕዛዙ ሳይነሳ አይሂዱ። ወዳጅዎ ያሉት ሁለቱም ነገር ስህተት ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳዎት ደግሞ «አርጅቷል» የሚለው ነው። ይርጋ የሚቆጠረው ክስ ለማቅረብ በተሰጠው ጊዜ ላይ ነው። ክሱ ቀርቦ፣ ተከሳሹ በቀጠሮው ሳይገኝ ቀርቶ ዳኛው የመያዣ ትዕዛዝ ከፈረሙ በኋላ ግን ትዕዛዙ ያው ፍርድ ቤት እስኪያነሳው ድረስ የጸና ነው፤ ሰባት ዓመትም ሃያ ዓመትም ይቆያል። ማንም ያልጠየቀዎት ፖሊስ ለቀላል ወንጀል ቤት ለቤት ስለማይፈልግ ብቻ ነው። ትዕዛዙ ስምዎ በአንድ መንግሥታዊ ማጣሪያ እስኪያልፍ ድረስ መዝገብ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ የመርከብ ጉዞ ደግሞ ስምዎን በቀጥታ እዚያ ማጣሪያ ውስጥ ያስገባዋል።

ሰው የሚሳሳተው ወደቡ ላይ የሚያየውን ፍተሻ ብቻ ስለሚቆጥር ነው። በኤክስሬይ የሚያልፈው ሻንጣ፣ የብረት መፈተሻው በር፣ ከመርከብ በወረዱና በተሳፈሩ ቁጥር የሚነበበው ፎቶዎ የተያያዘበት ካርድ፣ ይህ ሁሉ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የመርከብና የወደብ ደኅንነት ደንብ እና በየአገሩ ሕግ የሚካሄድ ነው። ዓላማው የጦር መሣሪያ፣ ፈንጂና ተቀጣጣይ ነገር እንዳይገባ መከልከል ነው። ኤክስሬዩ ላይ የተቀመጠው የጥበቃ ሠራተኛ የተፈላጊዎች መዝገብ ፊቱ የለም፤ በዚህ ብቻ ወዳጅዎ ልክ ናቸው።

ትልቁ ፍተሻ የሚካሄደው በወረቀት ላይ ነው። ትኬቱን በኢንተርኔት ሲያረጋግጡ የሚሞሉት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ ዜግነት፣ የጉዞ ሰነድ ዓይነትና ቁጥር የመንገደኞች ዝርዝር ይሆንና ለአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ፣ በተለምዶ ሲቢፒ ለሚባለው መሥሪያ ቤት ይላካል። መርከቡ ሲወጣ ዝርዝሩ ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት መድረስ አለበት። ሲመለስ ደግሞ እንደ ጉዞው ርዝመት ከ24 እስከ 96 ሰዓት አስቀድሞ ይገባል። እርስዎ በመጨረሻው ወደብና በማያሚ መካከል ባሕር ላይ እያሉ ስምዎ እየተጣራ ነው ማለት ነው። የአሜሪካ ዜጎች ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ ከፓስፖርት ይልቅ የልደት ምስክር ወረቀትና ባለ ፎቶ መታወቂያ መያዝ ይችላሉ። ይህን እንደ መሸሸጊያ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ስሙና የትውልድ ቀኑ ግን ያው ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

ዝርዝሩ ከሚመሳከርባቸው መዝገቦች አንዱ የፌደራል ምርመራ ቢሮው ኤፍቢአይ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ የሚያስተዳድረው፣ ኤንሲአይሲ የሚባለው የወንጀል መረጃ ማዕከል ነው። የየስቴቱና የየካውንቲው (በስቴት ውስጥ ያለ አውራጃ) ፖሊስ ተፈላጊዎቹን እዚያ ይመዘግባል። ሁሉም ትዕዛዝ ግን አይመዘገብም፤ አንዳንድ ቀላል ወንጀል በካውንቲው ወይም በስቴቱ መዝገብ ብቻ ይቀራል። የሚመዘግበው መሥሪያ ቤትም ሰውዬውን ለመውሰድ እስከ የት እንደሚመጣ አብሮ ይጽፋል፦ ከየትም ስቴት፣ ከአጎራባች ስቴቶች ብቻ፣ ወይም ከራሱ ስቴት ብቻ። ወደቡ ላይ ስም ሲገጥም መኮንኑ ትዕዛዙን ያስመዘገበውን መሥሪያ ቤት «ዛሬም የጸና ነው? ትወስዱታላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ለአስቸኳይ ጥያቄ በ10 ደቂቃ፣ ለመደበኛው በ1 ሰዓት ውስጥ መምጣት አለበት። ሁለቱም «አዎ» ከሆነ ለአካባቢው ፖሊስ ተላልፈው ይሰጣሉ። ሁለተኛው «አይደለም» ከሆነ ሊለቁዎት ይችላሉ፤ ነገር ግን ያኔ የተጻፈው ምን እንደሆነ እርስዎ የሚያዩበት መንገድ የለም፤ በቤተሰብ ጉዞ የሚወራረዱበት ነገር አይደለም።

መያዝ በብዛት የሚደርሰው በመመለሻው ቀን ነው። ሲወጡ ከመርከብ ኩባንያው ሠራተኞች ጋር ነው የሚነጋገሩት። ሲመለሱ ግን እያንዳንዱ ሰው ከሲቢፒ መኮንን ፊት ያልፋል፤ በትልልቆቹ ወደቦች ፊትን ከፓስፖርት ወይም ከግሪን ካርድ ፎቶ ጋር የሚያመሳክር ካሜራም አለ። ዝርዝሩ አስቀድሞ ስለደረሳቸው መኮንኖች መንገደኛው ከመውረዱ በፊት ከመርከቡ ጥበቃ ጋር ወደ ካቢኑ የሚሄዱበት ጊዜም አለ። ልጆች አጠገብ ተኝተው እያለ በሩ ሲንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ እንዲያስቡት እፈልጋለሁ፤ ቀድሞ አንድ አቤቱታ ቢገባ ሊቀር የሚችል ነገር ነው።

በሌላ ስቴት ትዕዛዝ ፍሎሪዳ ውስጥ ከተያዙ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። እዚያ ሦስት ነገር ይነሳል፦ ማንነትዎ፣ ዋስትናና ተላልፎ መሰጠት። ተላልፎ መሰጠትን ከተቃወሙ ጠያቂው ስቴት የአገረ ገዢ ትዕዛዝ እስኪያመጣ እስከ 30 ቀን ሊያቆዩዎት ይችላሉ፤ ዳኛው እስከ 60 ቀን ሊጨምር ይችላል። «እስማማለሁ» ብሎ መፈረም ብዙ ጊዜ ያፋጥናል፤ ሆኖም ጠበቃ ሳያናግሩ አይፈርሙ፤ አንዳንዴ ጠበቃው በስልክና በዋስ ገንዘብ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው። እስር ቤት የሚሰጡት አሻራ ደግሞ በኤፍቢአይ በኩል ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይደርሳል። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

የኢሚግሬሽኑን ነገር ሰፋ አድርገን እንየው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለአጭር ጊዜ ወጥቶ ሲመለስ በመደበኛው ሁኔታ እንደ አዲስ ገቢ አይታይም። ሕጉ ግን ልዩ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል፦ ከ180 ቀን በላይ በተከታታይ ውጭ መቆየት፣ ከወጡ በኋላ ሕገ ወጥ ተግባር መፈጸም፣ እንዲሁም አስነዋሪ ተብለው የተመደቡ ወይም ከዕፅ ጋር የተያያዙ ወንጀሎችን መፈጸም። በእነዚህ ውስጥ የወደቀ ሰው ናሶ ለአንድ ቀን ሄዶ ሲመለስ እንኳ «መግባት ትችላለህ ወይ?» ተብሎ ከስር ይመረመራል። በታገደ መንጃ ፈቃድ መንዳት ብቻውን በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አይገባም። የእኔ ስጋት ሌላ ነው፤ እርስዎ የሚያስታውሱት መጥሪያውን ነው፣ ዓቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። መኪናው ውስጥ የተገኘ ዕፅ ወይም ለፖሊስ የተሰጠ የሐሰት ስም ክሱ ላይ ካለ መልሴ በሙሉ ይለወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የክሱን ወረቀት ማግኘት ነው።

እንዴት? በመጥሪያው ላይ ያለው ካውንቲ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ጊዜ መዝገቡን በኢንተርኔት ያሳያል፤ ካልሆነ በስልክ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የክሱን ዝርዝርና የትዕዛዙን ቀን መጠየቅ ይቻላል። ሸሪፉ (የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ) ቢሮ በአካል ሄደው «ትዕዛዝ አለብኝ?» ብለው አይጠይቁ፤ ካለ እዚያው ይይዙዎታል። ጠበቃ ሲጠይቅልዎ ግን የሚያዝ ሰው የለም። ጠበቃው ጉዳዩ ያለበት ካውንቲ ውስጥ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ የዳኛውን ልማድ የሚያውቀው እሱ ነው።

ቀጥሎ ትዕዛዙ እንዲነሳ አቤቱታ ይቀርባል። አቤቱታው ለምን እንዳልቀረቡ፣ ያኔ የት እንደተዛወሩ፣ ዛሬ አድራሻዎና ሥራዎ የት እንደሆነ በማስረጃ ይዘረዝራል። በቀላል ወንጀል በብዙ ስቴቶች ጠበቃው ያለ እርስዎ ሊቀርብ ይችላል፤ በከባድ ወንጀል ግን በአብዛኛው ራስዎ መቅረብ አለብዎት። ዳኛው በአካል ይምጡ ካሉ ጠበቃው ቀኑንና ዋስትናውን አስቀድሞ ያመቻቻል፤ አሻራ ሰጥተው በዚያው ዕለት የሚወጡበት መንገድ ብዙ ጊዜ አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይሂዱ፤ ትንሽ ነገር ከተበላሸ እስከ ሰኞ ይቆያሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛው፣ ለጉዞው ሲሉ «ጥፋተኛ ነኝ» ብለው በአንድ ቀን መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲላ እና ኬንታኪ ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ለውጭ አገር ዜጋ ደንበኛው የእምነት ቃሉ ከአገር ሊያስወጣው ይችል እንደሆነ የመምከር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ይህን ምክር በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለተኛው፣ ዳኛው ሲፈርሙ ስሙ ከኮምፒዩተሩ የወጣ መምሰሉ ነው። ፍርድ ቤቱ ትዕዛዙን ያነሳል፤ ከኤንሲአይሲ የሚሰርዘው ግን ያስመዘገበው ፖሊስ ወይም ሸሪፍ ነው። ወረቀቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሳይደርስ ሊዘገይ ይችላል። ከተነሳ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠበቃው የሸሪፉን የትዕዛዝ ክፍል ደውሎ መሰረዙን ያረጋግጥ፤ እርስዎም የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበትን የተረጋገጠ ግልባጭ ሁለት ቅጂ ያውጡ።

ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታም አለው። በመርከብ ጉዞ የመጨረሻ ሌሊት ትልልቅ ሻንጣዎች መለያ ወረቀት ታስሮባቸው ከካቢኑ በር ውጭ ይቀመጣሉ፤ ሠራተኞች ሰብስበው ያወርዷቸዋል፣ የሚያገኟቸውም ወርደው ነው። ማስረጃውን ሻንጣ ውስጥ የከተተ ሰው ጠዋት መኮንኑ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ግልባጩ፣ ግሪን ካርዱ፣ ፓስፖርቱ፣ የጠበቃው ስልክና መድኃኒትዎ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ፤ ሁለተኛውን ቅጂ ባለቤትዎ ይያዙ።

መኮንኑ ለብቻ ክፍል ቢወስድዎት ማንነትዎንና ሰነድዎን ያሳዩ። ስለ ክሱ ፍሬ ነገር ግን «ጠበቃዬን ላማክር» ማለት መብትዎ ነው። አይዋሹ፤ ለፌደራል ባለሥልጣን የሐሰት ቃል መስጠት ራሱን የቻለ፣ እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አይ-407 የሚባል ቅጽ ቢቀርብልዎት ግሪን ካርድን በፈቃድ የመተው ቅጽ ነው፣ አይፈርሙ። ጉዳይዎን የኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲያየው መጠየቅ ይችላሉ።

ስለ ናሶና ኮዙሜል ብዙ አልልም። የካውንቲ ቀላል ትዕዛዝ እዚያ የሚያስይዝ አይደለም። የኢንተርፖል ቀይ ማስታወቂያ ለከባድ ወንጀል የሚወጣ ሲሆን እሱም ራሱን የቻለ የመያዣ ትዕዛዝ ሳይሆን እያንዳንዱ አባል አገር በሕጉ መሠረት የሚመዝነው ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ፦ ፓስፖርትዎ ጠፍቷል ብለው አመልክተው በኋላ ካገኙት አይጠቀሙበት፤ የጠፉና የተሰረቁ ሰነዶች መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ይህን የሚያነቡ፣ ምንም ክስ የሌለባቸው ግን በየጉዞው የሚቆሙ ሰዎችም አሉ። ስማቸው የተለመደ ነው፣ በስደተኝነት ሲመዘገቡ የተሰጣቸው የልደት ቀንም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ነው፤ ከተፈላጊ ሰው ጋር ለመመሳሰል ይህ ይበቃል። እነሱ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ዲኤችኤስ ትሪፕ በሚባለው አሠራር በኢንተርኔት ያመልክቱ። የሚሰጣቸው ቁጥር ጉዞ ሲይዙ የሚሞላ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ያልተወሰነላቸው ደግሞ ቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዙ ወደ ውጭ ወደብ በሚሄድ መርከብ አይሳፈሩ፤ ማመልከቻውን እንደተዉ ይገመታል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ዛሬውኑ የመርከብ ኩባንያውን ውል አውጥተው ያለ ቅጣት መሰረዝ ወይም ቀን መቀየር የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው የሚያልፈው። በመያዣ ትዕዛዝ ምክንያት ለቀረ ጉዞ ኩባንያው ገንዘብ አይመልስም፤ አብዛኛው የጉዞ ኢንሹራንስም አይሸፍንም። ለጠበቃው ያንን ቀን ይንገሩት። ቀኑ ሲደርስ የተረጋገጠው ግልባጭ እጅዎ ካልገባ ጉዞውን ለሁላችሁም ያስተላልፉ፤ ወይም ባለቤትዎና ልጆቹ ብቻ ይሂዱ፤ ያኔ ልጆቹ ካንድ ወላጅ ጋር ብቻ ስለሚጓዙ በውል አዋዋይ ፊት የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤዎን ያስይዟቸው።