ጥርሱ ያላለቀው ጎማ ለምን ያንሸራትታል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ፣ 650 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ሲሊንደር የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል አለኝ። ዝናብ በነካው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ስነዳ ትንሽ ነዳጅ ስጨምር የኋላው ጎማ ይከዳኛል። ለውኃ መውረጃ ተብሎ በቁመቱ በተቦረቦረ የኮንክሪት መንገድ ላይ ደግሞ የፊቱ ጎማ በራሱ ፈቃድ ወዲያና ወዲህ ይቅበዘበዛል። ጎማዎቹን ከገዛኋቸው ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸውም ብዙ ስላልነዳሁባቸው ጥርሳቸው አዲስ ይመስላል። ጥፋቱ የአነዳዴ ነው ወይስ የሞተር ሳይክሉ እርጅና?

መልስ፦ ጥርሱን ትተው መጀመሪያ ላስቲኩን ይመልከቱ። የጎማ ጥርስ ሥራው ከሥሩ ያለውን ውኃ ማስወጣት ነው፤ መንገዱን የሚይዘው ግን ላስቲኩ ራሱ ነው። ላስቲክ ደግሞ ቆሞም ያረጃል፤ አየር፣ ፀሐይና ሙቀት ልስላሴውን ቀስ በቀስ ይወስዱበታል። የአውራ ጣትዎን ጥፍር በጥርሱ ላይ አጥብቀው ተጭነው ይልቀቁት። በደህና ጎማ ላይ ጥፍሩ ሰምጦ የሚተወው ምልክት ወዲያው ይሞላል፤ በደረቀ ጎማ ላይ ጥፍሩ እንደ ቀንድ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ ጎማውን በጣትዎ ገፋ አድርገው በጥርሶቹ መካከል ያለውን ስርጉድ ይመርምሩ፤ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች የሚጀምሩት እዚያ ነውና።

የገዙበት ቀንም ጎማው የተሠራበት ቀን አይደለም። በጎማው ጎን ላይ በሚገኘው የምርት መለያ መጨረሻ አራት አኃዞች ያገኛሉ፤ ለምሳሌ 2316 ቢል በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ያሉት ጎማ ከመሸጡ በፊት መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ከርሞ ከሆነ እርስዎ የሚነዱት በአሥራ አንድ ዓመት ላስቲክ ላይ ነው። ጎማ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ምንም ያህል ደህና ቢመስል እንዲለወጥ አምራቾች ይመክራሉ። እኔ ግን ዝናብ ላይ ለሚነዳ አሮጌ ሞተር ሳይክል አሥር ዓመት አልጠብቅም፤ መንሸራተቱን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ በሌለበት ያለው ዋስትና ላስቲኩ ብቻ ነው።

የፊቱ መቅበዝበዝ ግን ሌላ ምክንያትም አለው። በዚያ ዘመን የፊት ጎማ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን በቀጥታ የሚሄዱ ረጃጅም መስመሮች ያሉበት ነበር። እነዚህ መስመሮች በአስፋልት ላይ መሪውን ቀጥ አድርገው የሚይዙትን ያህል፣ በኮንክሪቱ ላይ ካሉት ቦዮች ጋር ሲገጣጠሙ እንደ ባቡርና ሐዲድ ይሆናሉ። በአብዛኛው ስሜቱ ከአደጋው ይበልጣል። መጥፎው ነገር ነጂው ደንግጦ መሪውን ጨብጦ ሲታገል ነው፤ እጅዎን ለቀቅ፣ ጉልበትዎን በነዳጅ ታንኩ ላይ ገጠም አድርገው፣ ፍጥነትዎን ሳይለዋውጡ ይለፉት። ጎማ ሲለውጡ ደግሞ ለፊትም የተቆራረጠ ጥርስ ያለውን ቢመርጡ መቅበዝበዙ በእጅጉ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ጎማው ያልሠራው ጥፋት እንዳይጫንበት ሞተር ሳይክሉን በመሃል ማቆሚያው አቁመው የፊቱን ጎማ ከመሬት ያስነሡ። መሪውን በጣት ጫፍ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ያዙሩት። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ኳስ ቀጥ የሚል ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል በዓለም ምርጡ ጎማ ቢገጠምለትም ቀጥ ብሎ አይሄድም። በተመሳሳይ የኋላውን ጎማ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙት፤ የጎማው ኩሽኔታ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጎማውን የሚሸከመው የኋላ ክንድ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ቡኮላው (ክንዱ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል ማለት ነው።

የጎማውንም ንፋስ ጠዋት፣ ሞተር ሳይክሉ ከመነሣቱ በፊት ይለኩ። የቆየው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው በዚያ ጊዜ ለነበረው ጎማ ስለሆነ፣ የዛሬ ጎማ ከገጠሙ የዛሬውን አምራች ምክር ይከተሉ፤ ብዙ ጊዜ ከጥንቱ ጥቂት ከፍ ይላል። ለእርጥብ መንገድ ተብሎ ንፋስ መቀነስ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም። ንፋሱ ያነሰው ጎማ በፍሬንና በጉልበት ብዛት በቸርኬው ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከርና የውስጡን ከመነዳሪ ይጎትተዋል። የቫልቩ አንገት ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ካዩት ከመነዳሪው ከሥሩ ሊቀደድ መቃረቡን ይወቁ።

አነዳዱን በተመለከተ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ከተለመደው አንድ ማርሽ ከፍ አድርጎ መንዳት ጉልበቱ በድንገት ወደ ኋላ ጎማ እንዳይደርስ ያደርጋል። ፍሬን የሚይዙት ቀጥ ብለው ሳሉ እንጂ ወደ ኩርባው ካጋደሉ በኋላ አይሁን፤ የፊቱንም ጨብጦ ከመያዝ መጀመሪያ ነካ አድርጎ የፊቱ ሞላ ሲጫን ቀስ በቀስ መጨመር ይበጃል። የቀለም መስመር፣ የጉድጓድ ክዳን፣ ስንጥቅ የተደፈነበት ሬንጅ ሁሉ እርጥብ ሲሆኑ ከድንጋዩ የባሱ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ሐዲድ ነው። ይህን የምለው ከአንድም ሁለት ጊዜ ተምሬበት ነው፤ በካፊያ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ሐዲድ ላይ እንደ ደረቅ ቀን ሳልጠማዘዝ ስሻገር፣ የፊቱ ጎማ ከብረቱ ጎን ገብቶ ሳልደነግጥ መሬት ላይ ተገኘሁ። ሐዲድ በተቻለ መጠን ወደ ቀጥታ ማዕዘን በተጠጋ አቅጣጫ፣ ፍሬን ሳይይዙና ነዳጅ ሳይጨምሩ መሻገር አለበት።

ኮረኮንች ላይ ሲወርዱ ደግሞ ነዳጁን በድንገት አይዝጉ፤ ትልቅ ባለ አንድ ሲሊንደር ከሆነማ የሞተሩ መያዝ ብቻውን የኋላውን ጎማ ያቆመዋል።

ጥያቄ፦ ለአሮጌ ሞተር ሳይክሌ የሚሆን ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተነዳበት የጥንት ጎማ አገኘሁ። መለያው 248 ይላል። እንደ ቀድሞው እንዲመስልልኝ ልግጠመው?

መልስ፦ ሦስት አኃዝ ያለው መለያ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት መሠራቱን ይናገራል፤ 24ኛው ሳምንት፣ መጨረሻው 8 በሆነ ዓመት፤ 1998 ይሁን 1978 ከመለያው ብቻ አይታወቅም። በቅርብ ቢገመት እንኳ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ነው። ለኤግዚቢሽን ቆሞ ለሚታይ ሞተር ሳይክል ያምራል፤ መንገድ ላይ አይውጣ። ደስ የሚለው ግን የጥንቱ መልክ ከዛሬ ላስቲክ ጋር መገኘቱ ነው። ለምሳሌ ማልኮም አፕሂል በ1969 እ.ኤ.አ. በአይል ኦፍ ማን ደሴት ቲቲ በሚባለው ፉክክር፣ ለገበያ የሚመረቱ ሞተር ሳይክሎች ውድድር ላይ በትራያምፍ ቦነቪል ለመጀመሪያ ጊዜ በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ161 ኪሎ ሜትር በላይ አንድ ዙር ሲጨርስ የተጠቀመበት ደንሎፕ ኬ81፣ ከዚያ ድል ቲቲ100 የሚለውን ስም አግኝቶ ከዚያ ወዲህም ሲመረት ቆይቷል።

ጥያቄ፦ በፊት ቸርኬዬ ላይ 3.25-19 (ስፋቱ 3.25 ኢንች፣ ለ19 ኢንች ቸርኬ የሚሆን) ጎማ ነበር። ጎሚስታው 90/90-19 ሰጠኝ። ሰፋ ያለ፣ ከ90 ሚሊ ሜትር ይልቅ 110 የሆነ ብገጥምስ አይሻልም?

መልስ፦ 90/90-19 ለ3.25-19 የተለመደ ምትክ ነው፤ ጥሩ አድርገዋል። 110ን ይተዉት። የዚያ ዘመን ቸርኬ ብዙ ጊዜ ስፋቱ 1.85 ኢንች ወይም 47 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገጠም ጎኖቹ ተጨምቀው ገጹ ስለሚያጎብጥ መንገዱን የሚነካው ክፍል ቅርጹ ይበላሻል፣ መሪውም ይከብዳል። የፊቱ የውስጥ ክሮቹ በሰያፍ የተጠላለፉበት መደበኛ ጎማ ሆኖ የኋላው ራዲያል (ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የሚያልፉበት) እንዳይሆንም ይጠንቀቁ። ቸርኬው የሽቦ ስለሆነ፣ ጎማው ከመነዳሪ አያስፈልገውም ቢባል እንኳ አየሩ በሽቦዎቹ ቀዳዳ ይወጣልና ከመነዳሪ ይገባበታል፤ ያውም አዲስ፣ መጠኑም ልክ የሆነ። አዲስ ጎማ ሲገጠም ላዩ ለስላሳና የሚያንሸራትት ስለሆነ የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል በእርጋታ ይንዱ።

ጥያቄ፦ ውኃ ከተሻገርኩ በኋላ የታምቡር ፍሬኔ አይዝም፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ስነካው በድንገት ጨምድዶ ይይዛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱም ከአንድ ውኃ የመጡ ናቸው። ማታ የፍሬኑ ሸራ ረጥቦ ታምቡሩ ላይ ይንሸራተታል፤ ሌሊቱን በታምቡሩ ውስጥ የሚነሣው ስስ ዝገትና እርጥበት ደግሞ ጠዋት ሸራውን አጥብቆ ይይዘዋል። ባለ ሁለት ቀዳሚ ሸራ ታምቡር (ሁለቱም ሸራዎች ታምቡሩ በሚዞርበት አቅጣጫ የሚገፉበት) ከሆነ የታምቡሩ ዙር ራሱ ሸራውን ወደ ራሱ ስለሚስበው ጨምድዶ መያዙ ይበረታል። ውኃውን እንደተሻገሩ ከኋላዎ ሰው አለመኖሩን አይተው፣ በዝግታ እየሄዱ የፍሬኑን እጀታ በሁለት ጣት ነካ አድርገው ለጥቂት መቶ ሜትሮች ይያዙት፤ መያዝ ሲጀምር በእጅዎ ይሰማዎታል። ጠዋትም ከቦታዎ ሳይርቁ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ይህንኑ ይድገሙ።